አቧራ የበላው ሞተር፦ የገዳሪፍ ጋራዦች ትዝታ

የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሽታ ከሰሊጥ መጭመቂያ ከሚወጣው ትኩስ ሽታ ጋር ሲደባለቅ፣ በምሥራቅ ሱዳን የስደት ዘመኑን ላሳለፈ ኢትዮጵያዊ ገዳሪፍን እንዳለች መልሶ ያመጣለታል፤ በመርካቶ ሶማሌ ተራም ሆነ በጎንደር ከተማ መውጫ በአንድ ጋራዥ ደጃፍ ሲያልፍ ያ ሽታ ድንገት ያገኘው ሰው፣ ዓመተ ምሕረቱን ባያስታውስ እንኳ ወቅቱን፣ ማለትም ዝናቡ ገብቶ እንደነበርና እንዳልነበር፣ ሰሊጡ ታጭዶ እንደነበርና እንዳልነበር አይስተውም። የዚያ አገር ትዝታ የሚቆጠረው በክረምቱና በበጋው፣ በመንገዱ መዘጋትና መከፈት፣ ከዚያም አልፎ የየትኛው መኪና ሞተር የት ላይ እንደቆመ በማስታወስ ነው፤ ይህ የመጨረሻው ላልኖረበት ሰው እንግዳ ቢመስልም፣ በዚያ ሜዳ ላይ የሞተር መቆም እህል አለመድረስ፣ በሽተኛ ሐኪም ፊት አለመቅረብ፣ ቤተሰብ ድንበር ላይ መቅረት ስለነበር፣ የሰውና የብረት ዕጣ በትዝታው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው መገኘታቸው ተገቢ ነው።

ገዳሪፍ ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሰፊ ሜዳ ላይ የተመሠረተች ከተማ ናት፤ ሜዳውን የሸፈነው በኢትዮጵያ ዋልካ የሚባለው፣ ዝናብ ሲያገኘው አብጦ የሚያጣብቅ፣ በበጋ ደግሞ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣ ጥቁር አፈር ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1944 ከከተማዋ ብዙም በማይርቀው ጋደምባሊያ በትራክተር የሚታረስ የማሽላ እርሻ የጀመሩት በምሥራቅ አፍሪካ የነበረውን ጦራቸውን ለመቀለብ ነበር፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለፈ በኋላ ግን እርሻው ወደ ግል አራሾች ተላልፎ እየሰፋ ሄደ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 የሜካናይዝድ እርሻ ኮርፖሬሽን በተቋቋመበት ዘመንም ለአንድ አራሽ 1,000 ፌዳን፣ ማለትም 420 ሄክታር ያህል፣ መስጠት የተለመደ ሆኖ ነበር። እንዲህ ያለ መሬት በበሬ አይታረስም። ከከሰላ የተነሣው ባቡር በአውሮፓውያኑ 1920ዎቹ መጨረሻ ገዳሪፍ ደርሶ ወደ ሰናር ያለፈ ቢሆንም፣ ከካርቱም በገዳሪፍ በኩል ወደ ፖርት ሱዳን የሚወስደው አስፋልት እ.ኤ.አ. በ1980 ሲጠናቀቅ ጭነቱ ከሐዲድ ወደ ጎማ ዞረ፤ ትራክተሩ፣ የጭነት መኪናውና ሱዳኖች ቦክሲ የሚሏት ፒካፕ በአንድ ከተማ ሲሰበሰቡ፣ እነርሱን የሚጠግነው ወርሻ፣ ማለትም ጋራዥ፣ ራሱን የቻለ ሰፈር ሆነ።

በዚያ ሰፈር የኖረ ሰው ትዝታ ከሁሉ በፊት የሚያርፈው መሬቱ ላይ ነው፤ ለዓመታት ዘይት የጠጣው አፈር እንደ ለፋ ቆዳ ጠቁሮና ለስልሶ ስለነበር በባዶ እግሩ የቆመበት ረዳት እንኳ አቧራ አይነካውም ነበር። በኒም ዛፍ ጥላ ሥር ሽፋኑ የወረደለት ሞተር በጆንያ ተጋርዶ ይቀመጣል፤ ፈንጠር ብሎ ዝንጅብል የገባበት ቡና የምታፈላ ሴት፣ ከእርሷም ወዲያ ተራውን የሚጠብቅ ትራክተር ይታያሉ። ከአውሮፓውያኑ 1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከኤርትራ፣ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ከጎንደርና ከመሀል አገር፣ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ደግሞ በብዛት ከትግራይ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ከተሻገሩት ሰዎች መካከል ሹፌሮችና መካኒኮች ነበሩ፤ ለስደተኛ የሥራና የንግድ ፈቃድ ማግኘት ከባድ ስለነበር የራሳቸውን ጋራዥ ከመክፈት ይልቅ በሱዳናዊ ባለቤት ሥር መሥራት ዕጣቸው ሆነ። የሞተሩን የላይኛ ክፍል ቴስታታ፣ በእርሱና በታችኛው አካል መካከል ገብቶ ግፊትና ውኃ እንዳያመልጥ የሚያደርገውን ስስ መዝጊያ ጓርኒሲዮን እያሉ ከጣሊያን ዘመን በወረሱት አጠራር ሲነጋገሩ፣ አጠገባቸው ያለው ሱዳናዊ በራሱ አጠራር ይመልስላቸው ነበር፤ ሥራው አንድ ስለነበር መግባባት አላቃታቸውም።

ከዚህ ሰፈር ትዝታ ሁሉ ጎልቶ የሚወጣው ግን በየቀኑ ማለት ይቻላል ይነሣ የነበረው ክርክር ነው፤ በቸልታ የተጎዳ ሞተር ተጎትቶ ሲመጣ ይታደስ ወይስ ይለወጥ የሚለው። ክርክሩን ለመረዳት ቸልታው በሞተሩ ላይ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ያስፈልጋል። የናፍታ ሞተር አየርን ብቻ ወደ ሲሊንደሩ፣ ማለትም ፒስተኑ ወደ ላይና ወደ ታች ወደሚመላለስበት ድቡልቡል ቤት፣ ስቦ እስኪግል ድረስ በመጭመቅ ናፍታው በዚያ ግለት ብቻ እንዲቀጣጠል የሚያደርግ መሣሪያ ስለሆነ፣ የሚስበው አየር ንጽሕና ዕድሜውን ይወስናል። ሀቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ሰማዩን በሚያለብስበት፣ ከፊት ያለው መኪና ያስነሣው ብናኝ ከኋላ ያለውን በሚውጥበት አገር ደግሞ ንጹሕ አየር ራሱን ችሎ የሚገኝ ነገር አልነበረም። በጊዜው የነበሩት አብዛኞቹ መኪኖችና ትራክተሮች አየሩን የሚያጣሩት ከሥሩ ዘይት በተቀመጠበት ጣሳ ነበር፤ አየሩ በዘይቱ ላይ ሲያልፍ አቧራውን እዚያው ይጥላል፣ ዘይቱም በአቧራ ሲወፍር ተደፍቶ ጣሳው ታጥቦ በሌላ ይተካል። በበጋ ይህ በየቀኑ መታየት ነበረበት። ለጥቂት ቀናት ሳይታይ ከቀረ ማጣሪያው ማጣራቱን ትቶ አቧራውን ያስገባል፤ ከሲሊንደሩ ብረት ይልቅ የሚጠነክረው የአሸዋ ቅንጣት ከዘይቱ ጋር ተለውሶ ግድግዳውንና ፋሻውን፣ ማለትም ፒስተኑን ከብበው ግፊቱ እንዳያመልጥ የሚይዙትን የብረት ቀለበቶች፣ ይሞርዳቸዋል። ግፊቱ ወደ ታች ወደ ዘይቱ ቤት፣ ዘይቱም ወደ ላይ ወደ እሳቱ ማለፍ ይጀምራሉ፤ መኪናው ሰማያዊ ጭስ ያወጣል፣ ዘይት ይበላል፣ ጧት ጧት አልነሣም ይላል። በመተማ ቁልቁለት ፈልጎ መኪናን ማቆም ይቻል ነበር፤ በማሽላው ሜዳ ግን ከሰው ትከሻ ሌላ የሚገፋ አልነበረም።

ሁለተኛው ቸልታ ከውኃ ጋር የተያያዘ ነበር። በምሥራቅ ሱዳን ከግንቦት መጨረሻ እስከ መስከረም መጨረሻ የሚዘልቀው ኸሪፍ የሚባለው የዝናብ ወቅት ሲገባ፣ ከገዳሪፍ ወደ ድንበሩ ከተማ ወደ ገላባት የሚወስደው 150 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በዚያ ዘመን አስፋልት ስላልነበረው ወደ ጭቃ ይለወጥና ከትራክተር በቀር የሚያልፈው አይገኝም ነበር፤ ትራክተሩም ተጎታች እያሰረ ሰውና እህል ይዞ ጭቃውን ሲያርስ ይውላል። የራዲያተሩ ክንፎች በጭቃና በገለባ ይደፈናሉ፣ የጎደለው ውኃ ከኩሬ ተቀድቶ ይሞላል፣ ኩሬው የያዘው ማዕድንም በሞተሩ የውኃ መንገዶች ውስጥ ነጭ ቅርፊት እየሆነ ይጋገራል። በዚህ ዓይነት የጋለ ሞተር ቴስታታው ይጎብጣል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል፣ ውኃና ዘይት ተቀላቅለው የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ወተት የመሰለ ነገር ይታያል። ሙቀት መለኪያው ከተበላሸ የቆየበት ሹፌር ይህን የሚያውቀው ሞተሩ ጉልበት ካጣ በኋላ ነው፤ መለኪያውን ማሠራት ደግሞ በተራ ቁጥሩ ሁልጊዜ ከጎማና ከናፍታ በኋላ ይመጣ ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ በዝርዝር ሊታሰብ የሚገባው ግን በጨለማ የተፈጸመው ቸልታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የአብያተ ክርስቲያናት የእርዳታ ድርጅቶች ካቋቋሙት ጥምረት የሚገኘው እህል ከምሥራቅ ሱዳን ተነሥቶ በኤርትራና በትግራይ ከኢትዮጵያ መንግሥት ቁጥጥር ውጭ ወደነበሩት አካባቢዎች በጭነት መኪና ይገባ ነበር፤ በ1977 ዓ.ም. ርሃብ ጊዜም ይህ መስመር ለብዙ ሰው የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ሆነ። ቀን የጦር አውሮፕላን ስለሚያስፈራ ጉዞው በሌሊት ነበር፤ ሲነጋ መኪናው በዛፍ ሥር ገብቶ ቅርንጫፍ ይለብሳል። በዚህ ሁኔታ የሚነዳ ሰው የሞተር ዘይትን የሚመለከተው በዳሰሳ ነው፤ ማጣሪያ ለማጠብ ቆሞ ሰዓት ከማባከን ሳይነጋ ተራራውን ማለፍ ይመርጣል፤ ከቆላው ወደ ደጋው በሙሉ ጭነት በዝቅተኛ ማርሽ ለረጅም ሰዓት ሲወጣ የሚሰማውን እንግዳ ድምፅ፣ ለምሳሌ ከሞተሩ ሥር የሚመጣውን ደረቅ ምት፣ ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል። ከመካኒክ ሙያ አንጻር ይህ ቸልታ ነው፤ ሌላ ስም ሊሰጠው አይችልም። ከሰው አንጻር ግን ያ ሹፌር ሞተሩን አሳልፎ እህሉን ለማድረስ የወሰነው አውቆ ነበርና፣ በኋላ በገዳሪፍ ወይም በከሰላ ጋራዥ የተከፈተው የእርሱ ሞተር ከሰነፍ ባለቤት ሞተር ጋር በአንድ ሚዛን መመዘኑ ፍትሐዊ አይሆንም።

ሞተሩ ሲከፈት የሆነውን ሁሉ ይናገራል። የዘይት ቤቱ ታች ላይ የሚያብረቀርቅ ብናኝ ከተገኘ ብሮንዚኑ፣ ማለትም ክራንክሻፍቱ ላይ የሚያርፈው ግማሽ ክብ ልባስ፣ ተበልቷል ማለት ነው፤ ክራንክሻፍቱ ደግሞ የፒስተኖቹን መመላለስ ወደ መዞር የሚለውጠው ጠማማ ዘንግ ነው። የብሮንዚኑ ግራጫ ገጽ አልቆ መዳብ መልክ ካሳየ ዘይቱ ሳይለወጥ ብዙ ተነድቷል፤ ዘንጉ ራሱ ሰማያዊ ቀለም ካወጣ ዘይት አልቆበት ግሏል። የሲሊንደሩን የላይኛ ጫፍ በጥፍር ሲዳስሱት ደረጃ ከተሰማ ፋሻው ከዚያ በታች ያለውን ግድግዳ ሞርዶ ጨርሶታል፤ በሲሊንደሩ ዙሪያ ዘይት ለመያዝ በፋብሪካ የተሰመሩት ስስ መስመሮች ጠፍተው ገጹ እንደ መስተዋት ካንጸባረቀ የአቧራው ሥራ ነው። የዚያ ዘመን መካኒክ የመጀመሪያ ሥራው ይህን ማንበብ ነበር፤ የሚያነበውም ሁለት ነገር ለመለየት ነው፤ ያረጀውን ከተሰበረው።

ያረጀ ነገር መጠኑ ተለውጦ ይመለሳል። ሲሊንደሩ በማሽን ተቦርቡሮ ከቀድሞው በግማሽ ወይም በአንድ ሚሊሜትር የሰፋ ፒስተን ይገባለታል፤ ክራንክሻፍቱ ተቀርፎ በ0.25፣ በ0.50፣ በ0.75 ወይም በ1.00 ሚሊሜትር የወፈረ ብሮንዚን ይለብሳል። ሱዳኖች ዑምራ የሚሉት ሙሉ እድሳት ይህ ነው። ከዚህ መጠን በላይ ግን መቅረፍ አይቻልም፤ ስለዚህ ወደ ጋራዥ የመጣ ሞተር ስንት ጊዜ እንደታደሰ በውስጡ ባሉት ቁጥሮች ላይ ይታወቃል፣ የመጨረሻውን መጠን የለበሰ ክራንክሻፍት ያለው ሞተር ደግሞ ውሳኔው ከዓመታት በፊት በሌሎች ሰዎች እጅ የተሰጠ ነው። የተሰበረ ነገር የተለየ ነው፤ ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ የሚያያይዘው ዘንግ ተበጥሶ የሞተሩን ጎን ከበሳ፣ ወይም ቴስታታው በባልቦላዎቹ፣ ማለትም አየሩን በሚያስገቡትና ጭሱን በሚያስወጡት ክዳኖች፣ መካከል ከተሰነጠቀ፣ የጎደለውን ብረት የሚመልስ ማሽን በገዳሪፍ አልነበረም፣ የተበየደውም በቀጣዩ ግለት ይከፈታል። ይህን ልዩነት ሳያረጋግጡ በጭሱ ቀለም ብቻ ይለወጥ ብሎ መፍረድ ያኔም ሆነ አሁን የችኮላ ፍርድ ነው፤ ሰማያዊ ጭስ የሚያወጣ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ያረጀ እንጂ የተሰበረ አይደለምና።

በሁለቱ መካከል ግማሽ እድሳት የሚባል መንገድ ነበር፤ ሲሊንደሩ ሳይቦረቦር፣ ክራንክሻፍቱም ሳይቀረፍ፣ ፋሻውና ብሮንዚኑ ብቻ ተለውጠው ሞተሩ ይዘጋል። የሙያው መጻሕፍት ይህን አይደግፉም፤ አዲስ ክብ ፋሻ በተሞረደ ሞላላ ግድግዳ ላይ አያርፍም፣ ከአንድ ወቅት በላይም አይቆይም። ነገር ግን ገዳሪፍ የምትኖረው በወቅት ነበር። ሰሊጥ ሲደርስ ቆሞ አይጠብቅም፤ ማቀፊያው ተከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ ይፈስሳል፣ በጥቅምትና በኅዳር መታጨድ ካለበት ያኔውኑ መታጨድና መጓጓዝ አለበት። በመስከረም መጨረሻ ሞተሩ የተከፈተበት ባለ መኪና የሚያስፈልገው ሁለት ወይም ሦስት ወር የሚሠራ ሞተር ነው፤ በየካቲት፣ ማሽላው ከተሸጠና እጁ ገንዘብ ከያዘ በኋላ፣ ዑምራውን በሙሉ ማሠራት ይችላል። በዚህ ሒሳብ ግማሽ እድሳት ስሕተት አልነበረም፤ ስሕተት የሚሆነው በየካቲት ሞተሩ ገና ስለሚሠራ ብቻ ቀጠሮው ሲረሳ ነው፣ ብዙዎቹም ረስተውት በቀጣዩ ጭቃ መካከል ቆመዋል። ገንዘብና ወቅት ሲጋጩ የተወሰነን ውሳኔ ከዛሬ ተመልሶ በንጹሕ የሙያ ሕግ መዳኘት ቀላል ነው፤ ያን የመሰለ ፍርድ ግን የውሳኔውን ግማሽ ያህል ሳያይ የሚያልፍ ነው።

መለወጥስ? አዲስ ሞተር ማለት በሱዳን ፓውንድ የማይገዛ፣ በዶላር የሚመጣ ዕቃ ማለት ነበር፤ በአውሮፓውያኑ 1980ዎቹ ሱዳን በውጭ ምንዛሪ እጥረት፣ በነዳጅ ሰልፍና በድርቅ ተጨንቃ፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1985 የፕሬዚዳንት ኒሜሪ መንግሥት እስከ መውደቅ በደረሰበት ጊዜ እንዲህ ያለ ዕቃ ለተራ ሹፌር የማይታሰብ ነበር። በሱዳን ገበያ የነገሠው የእንግሊዙ ቤድፎርድ የጭነት መኪና ምርት እ.ኤ.አ. በ1986 ሲቋረጥ ደግሞ የአዲስ መለዋወጫ ምንጩ እየነጠፈ ሄደ። ስለዚህ መለወጥ ሲባል በተግባር ከተገለበጠ ወይም ከቆመ ሌላ መኪና የተነሣ ሞተር መግዛት ነበር፤ ያ ሞተር ደግሞ የራሱ የተደበቀ ቸልታ ይኖረዋል፣ ሻጩ ሲያስነሣው መልካም ቢመስልም ውስጡ ምን መጠን እንደለበሰ የሚታወቀው ሲከፈት ነው። አንዳንድ ጠንቃቃ መካኒኮች የተገዛውን ሞተር ከመግጠማቸው በፊት የዘይት ቤቱን አውርደው ቢያንስ አንድ ብሮንዚን የሚያዩት ለዚህ ነበር፤ ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ስንቱን ከሁለተኛ ኪሳራ እንዳዳነ በጽሑፍ ያልተያዘ ቢሆንም፣ የሙያው ትልቅነት የሚታየው በእንዲህ ያለው ቦታ ነው። የመለዋወጫ ነገር በዚህ ድንበር ላይ ከጥንት ጀምሮ ፈራጅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1940 እንግሊዞች ጣሊያንን ከገላባትና ከመተማ ለማስለቀቅ ሲዋጉ ታንኮቻቸው በፈንጂና በድንጋይ ተጎድተው አብዛኞቹ በቆሙበት ሰዓት፣ መለዋወጫውን የጫነው መኪና በአውሮፕላን ቦምብ በመመታቱ ሊጠግኗቸው አልቻሉም ነበር።

ቸልታ የግለሰብ ብቻ እንዳልነበረ የሚያሳየው ከገዳሪፍ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚገኘው የቀላ አን ነሐል የስደተኞች ሰፈራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ለኤርትራውያን ስደተኞች የተመሠረተው ይህ ሰፈራ ለነዋሪዎቹ የእርሻ መሬትና የትራክተር አገልግሎት ይሰጣል ተብሎ የታቀደ ነበር፤ ዋልካውን በእጅ ማረስ አዳጋች ስለሆነ የቤተሰቡ ዓመታዊ እህል በትራክተሩ ጤና ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ትራክተር ለመግዛት በጀት የሚሰጥ ለጋሽ ይገኛል፤ ለማጣሪያ፣ ለዘይትና ለመካኒክ ደመወዝ በየዓመቱ የሚሰጥ ግን እምብዛም አይገኝም፣ ስለዚህ በእንዲህ ያለ ሥርዓት ውስጥ መለወጥ ከማደስ ይልቅ ቀላል ሆኖ ይታያል። አዲሱ ትራክተር ያንኑ አቧራ፣ ያንኑ ያልታጠበ ማጣሪያ ይወርሳል። በገዳሪፍ ጋራዦች ክርክር ውስጥ የበሰሉት መካኒኮች ለባለቤቱ ያነሡት የነበረው ጥያቄ እዚህ ላይ ትርጉሙ ይሰፋል፤ ሞተሩ ለምን ተጎዳ፣ ያ ምክንያትስ አሁን ተወግዷል ወይ የሚለው ሳይመለስ፣ ይታደስ ወይስ ይለወጥ የሚለው የሚመለስ ጥያቄ አልነበረም። ማጣሪያው የተሰነጠቀ ጎማ ቧንቧ ካለው፣ ራዲያተሩ ከተደፈነ፣ መኪናው በሁለት ሹፌር እየተፈራረቀ ዘይቱን ማን እንደሚያይ ካልተወሰነ፣ የታደሰውም የተለወጠውም በአንድ መንገድ ይሄዳሉ።

ዛሬ ያ ዓለም በከፊል አለ፣ በከፊል የለም። ከገዳሪፍ እስከ ገላባት፣ ከመተማም እስከ ጎንደር አስፋልት ተዘርግቷል፤ ኸሪፍ ከተማን ከከተማ አይለይም፣ የእርሻውን ሜዳ ግን ዛሬም ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ ገበያ የገባው፣ 1ኤችዜድ የሚባለው የቶዮታ 4.2 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍታ ሞተር፣ ኤሌክትሮኒክስ ስላልበዛበትና መለዋወጫው በየከተማው ስለሚገኝ አሁንም በአሮጌው መንገድ ተከፍቶ ይታደሳል። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሞተሮች ግን ናፍታውን በእጅግ ከፍተኛ ግፊት በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚረጩ ናቸው፤ በርሜል ውስጥ የከረመ ቆሻሻ ናፍታ መርጫቸውን ያበላሻል፣ ጉዳቱም በጆሮና በጥፍር አይነበብም፣ ማንበቢያ መሣሪያ ይፈልጋል። ይህ መሣሪያ በሌለበት ጋራዥ መካኒኩ ምክንያቱን ሳያውቅ ሙሉ ሞተር እንዲለወጥ ይመክራል፤ ብዙ ዕውቀት የነበረው እጅ ባለማወቅ ሲፈርድ ማየት በዚያ ዘመን ያንን እጅ ለሚያውቁ ሰዎች የሚያሳዝን ነው። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በእጅ ያለው አሮጌ መኪና ዋጋው ከፍ ብሏል፤ ቀድሞ ለመጣል የሚታሰብ ሞተር አሁን ዑምራ የሚገባው ሆኗል።

ስደቱም ተመልሶ መጥቷል። በ1977 ዓ.ም. ዘመን ኢትዮጵያውያንን ያስጠለለው የኡም ራኩባ የስደተኞች መጠለያ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ለተሰደዱ ሰዎች እንደገና ተከፈተ፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ጉዞው አቅጣጫውን ለወጠ፣ ሱዳናውያንና በሱዳን የኖሩ ኢትዮጵያውያን በገዳሪፍ በኩል ወደ መተማ ዮሐንስ ጎረፉ፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ጦርነቱ ወድ መደኒ ከተማ ሲደርስም ገዳሪፍ እንደገና በተፈናቃይ ተጨናነቀች። ከካርቱም 400 ኪሎ ሜትር ያህል በሙቀት፣ ሰው ከአቅም በላይ ጭኖ፣ ውኃና ዘይት ሳያይ የሸሸ ሰው ሞተር በአሮጌዎቹ የሌሊት ሹፌሮች ሞተር ላይ የደረሰው ደርሶበታል፤ ምክንያቱም ያው ነው፣ ጊዜ አልነበረም።

አዲስ የሆነው የመቆም ቸልታ ነው። ባለቤቱ ነዳጅ ስላጣ፣ ሰነዱ ድንበር ስለማያሻግረው ወይም ራሱ ሌላ አገር ስለደረሰ፣ መኪናው በግቢ ውስጥ ክረምትን ከበጋ ቆሞ ያሳልፋል። የቆመ ሞተር አያልቅም ቢባልም ይጎዳል፤ ከነዱበት ጊዜ የቀረው አሮጌ ዘይት አሲድ ስላለው ብሮንዚኑን ይበላል፣ በክረምቱ እርጥበት ፋሻውና የሲሊንደሩ ግድግዳ በዝገት ይጣበቃሉ፣ ታንከሩ ውስጥ የሚጠራቀመው ውኃ በናፍታው ውስጥ አተላ ያበቅላል፣ አይጥም ሽቦውን ይቆርጣል። ባለቤቱ ሲመለስ የሚፈጽመው የተለመደ ስሕተት አዲስ ባትሪ አስሮ ቁልፉን ማዞር ነው፤ የተጣበቀ ፋሻ በማስነሻው ጉልበት ሲላቀቅ ይሰበራል፣ የተሰበረውም ቁራጭ ግድግዳውን ይሸረክተዋል፣ በጥቂት ማንኪያ ዘይት ሊድን የነበረ ሞተር በዚያች ቅጽበት ካረጀው ክፍል ወደ ተሰበረው ይዛወራል። በገዳሪፍ የሠሩ መካኒኮች የለመዱት አካሄድ ሌላ ነው፤ የናፍታ መርጫዎቹ ይወጣሉ፣ በየቀዳዳው ጥቂት ንጹሕ ዘይት ይገባል፣ ሞተሩ ሌሊቱን እንዲያድር፣ ቢቻል ሁለትና ሦስት ቀን እንዲቆይ ይደረጋል፤ ከዚያ ረጅም እጀታ ባለው መፍቻ ከፊት ካለው ትልቅ ብሎን ላይ ተይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በትንሽ በትንሹ ይሞከራል፣ አሮጌው ዘይትና ናፍታ ተደፍተው ማጣሪያዎቹ ይለወጣሉ። ካልዞረ ቴስታታው ይወርዳል፤ አንድ ሙሉ ዙር ከዞረ ግን ግፊቱ በየሲሊንደሩ ይለካል፣ የእድሳትም ሆነ የሌላ ሞተር ዋጋ መጠየቅ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።